መጀመሪያ ቀን ስቄ ነበር

ህዳር ላይ ሱሉልታ ጠዋት ጠዋት ይበርዳል። ሳሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል፣ እጅ ከኪስ አይወጣም። ከአዲሱ ገበያ የመጀመሪያውን ታክሲ ይዤ፣ የእንጦጦን ዳገት አልፌ ቁልቁል ስወርድ፣ ያን ሰዓት ሜዳው ላይ የሚታዩት ሯጮች ብቻ ነበሩ። እኔ ደግሞ ለቀረጻ ነበር የምሄደው። 12 ቀን። ከውጭ የመጣ ቡድን፣ ትልልቅ መኪና፣ ሰፈር የሚያህል ድንኳን። ከዚያ በፊት የሠራሁት መድረክ ላይና የኛው ድራማዎች ላይ ነው። የውጭ ፊልም ሲሆን ይሄ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ስም ያላት ገጸ ባህሪ፣ 7 ሲን (ትዕይንት)። እናቴ ስትሰማ እልል ብላ ጎረቤቱን በሙሉ አስወጥታለች።

የፊልሙንም የሰዎቹንም ስም እዚህ አልጠራም። ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት ከዚያ ወዲህ ሦስት ወጣት ተዋንያን በተለያየ ጊዜ ደውለው "አንቺ ያኔ ምን አደረግሽ?" ብለው ስለጠየቁኝ ነው። ያኔ ማለት እዚያ ቀረጻ ላይ በቆዳ ቀለሜ የተናቅሁበትና የተመታሁበት ጊዜ ነው። በስልክ ሳወራ ሁልጊዜ አንድ ነገር እረሳለሁ። በተለይ ያጠፋሁትን እረሳለሁ። እሱን ነው ዋናው ብዬ ልነግራችሁ የምፈልገው።

የመጀመሪያው ጥፋቴ ከመጀመሪያው ቀንም በፊት ነው። ውሉን የፈረምኩት መኪና ኮፈን ላይ ነው። 14 ገጽ እንግሊዝኛ። አስተባባሪው፣ የኛው ሰው፣ መጨረሻውን ገጽ ገልጦ "እዚህ ጋ ብቻ እህቴ፣ ሌላው ፎርማሊቲ ነው" አለኝ። ነፋሱ ገጹን እያገላበጠ ስላስቸገረ በክርኔ ይዤ ፈረምኩ። ኮፒ ስጠይቅ "በቴሌግራም እልክልሻለሁ" አለ። አልላከም። እኔም ሁለተኛ አልጠየቅሁም። ለምን ብትሉኝ፣ ዕድሉ ከእጄ የሚያመልጥ መስሎኝ ነው። ከ40 ሰው ተመርጬ ገና በወረቀት ጉዳይ "አስቸጋሪ ናት" መባል አልፈለግሁም።

ከዚያ የመጀመሪያው ቀን መጣ።

አስተባባሪው ዳይሬክተሩ ፊት አቀረበኝ። ስለምጫወታት ሴት አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ ባሏን ትወደዋለች ወይስ ትፈራዋለች? ስክሪፕቱ ላይ አልተለየም። ጥያቄዬን በራሱ ቋንቋ ጠየቅሁት። ሰውዬው እኔን አላየኝም። ወደ ካሜራማኑ ዞረና "ውይ፣ ይቺኛዋ ትናገራለች!" አለ። ሳቁ። ካሜራማኑ ሳቀ፣ ረዳቶቹ ሳቁ፣ አስተባባሪያችንም ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ።

ስለዚያ ሳቅ ብዙ አስቤያለሁ። አስቆኝ አልነበረም። ሌላው ሁሉ ሲስቅ አፍን ዘግቶ መቆም ጠብ መፈለግ ይመስላል፤ በዚያ ላይ እንግዳ ነው፣ በዚያ ላይ ቀጣሪ ነው። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነው። ጥያቄዬ ግን ሳይመለስ ቀረ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰውዬው በእኔ ላይ መቀለድ እንደሚቻል አወቀ። በማግስቱ በስሜ ፋንታ "ተናጋሪዋ" እያለ ይጠራኝ ጀመር። በሦስተኛው ቀን በፉጨት።

አሁን ብሆን ምን አደርግ ነበር? አልጮህም። አልቆጣም። ዝም ብዬ እያየሁት "አልገባኝም፣ ምን ለማለት ፈልገህ ነው?" እለዋለሁ። ቀልዱን እንዲያስረዳኝ። ይህን ከዚያ በኋላ በሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ ሁለቱም ጊዜ ሰውዬው ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ሥራ ነው የገባው። በር ላይ የተያዘ ነገር ቤት አይገባም።

በሁለተኛው ቀን ሜካፕ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለ ዳይሬክተሩ ብቅ አለ። በመስታወቱ ውስጥ አየኝ፣ በሁለት ጣቱ አገጬን ይዞ ወደ ብርሃኑ አዞረኝና ለሜካፕ ባለሙያዋ "አፍሪካዊት አትመስልም፣ አጥቁሪያት" አላት። ከዚያ ሄደ። ፈረንጇ ሻንጣዋን ከፈተች። ከላይ እስከ ታች ነጭ፣ ክሬም፣ ቢጫ። ለእኔ ፊት የሚሆን አንድም ቀለም አልነበራትም፤ ጥግ ላይ ያለ አንድ በጣም የጠቆረ ቡናማ ብቻ። እሱን ከዘይት ጋር ደባልቃ በስፖንጅ ትለቀልቀኝ ጀመር። አጠገቧ የቆመችው ረዳት የኛ ልጅ ናት። በመስታወት ዓይን ለዓይን ተያየን። ልጅቱ አንገቷን ደፋች። አንገቴ ጋ ሲደርሱ ቀለሙ አለቀና ከአገጬ በታች እኔ፣ ከአገጬ በላይ ሌላ ሰው ሆንኩ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ያን ቀን ምን እንደተሰማኝ ለይቼ አላውቅም ነበር። እኔ ጠይም ነኝ። እናቴ ጠይም ናት፣ አያቴ ጥቁር ነበረች። ሰፈራችን ግን "ቀይ ናት" ማለት ሙገሳ ነበር፤ ልጅ ሲወለድ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ስለዚህ መስታወቱ ፊት ተቀምጬ፣ የከፋኝ ስላጠቆሩኝ ነው ወይስ እዚሁ እንጦጦ ሥር ተወልጄ ያደግሁትን ሴት "አፍሪካዊት አትመስልም" ስላሉኝ ነው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። የመጀመሪያው ትንሽ እንደነበረበት አልክድም። እሱን ለራሴ እስካምን ድረስ ሁለተኛውን በድፍረት መናገር አልቻልኩም።

ሌላም ችግር ነበረብኝ፤ ቃል። እኛ አገር "ዘረኝነት" ሲባል የሁሉም ሰው ሐሳብ ወደ ብሔር ነው የሚሮጠው። ማታ ለጓደኛዬ ደውዬ "ሎኬሽኑ ላይ ዘረኝነት አለ" ስላት መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ማንና ማን ተጣላ?" ብላ ነው። የቆዳ ቀለም መሆኑን ሳስረዳት "እኛን እንኳ ፈረንጅ ይወደናል" አለች። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 25 ላይ በዘርም በቀለምም ልዩነት አይደረግም ይላል። ለካ "ቀለም" የሚለው ቃል ለብቻው የተጻፈው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው።

ስለ ምሳው ብዙ አልልም። ሁለት ድንኳን ነበር። አንደኛው ትኩስ ምግብ፣ ወንበር፣ ቡና። ሁለተኛው የኛ፤ በፕላስቲክ የታሸገ ቀዝቃዛ ፓስታ፣ መሬት ላይ። ህዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ፓስታው ስጋ እንደተጨመረበት መምጣቱን ቀጠለ። በአጃቢ ተዋናይነት ከአካባቢው የመጡት እናቶች ከፍተው ያዩና መልሰው ይከድኑታል። እስከ ምሽት ድረስ ውሃ ብቻ። መጸዳጃ ቤቱም ቁልፍ ነበረው፤ ቁልፉ በየትኛው ድንኳን እንደነበረ ገምቱ።

በአምስተኛው ቀን የሰማሁት ነገር ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። የገበያ ሲን ነበር፤ 60 የሚሆን ሰው አጥር ጥግ ብርድ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ዳይሬክተሩ በእንግሊዝኛ "መንጋውን አስገባው" አለ። ቃሉ የከብት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። አስተባባሪያችን ማይኩን አንስቶ በአማርኛ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ቤተሰብ! ግቡ ግቡ!" ሰዎቹ እየተሳሳቁ ገቡ። አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን አስተካክለው "እሺ ጌታዬ" እያሉ።

እኔ ሁለቱንም ሰማሁ። በመንጋውና በቤተሰቡ መሃል ቆሜ።

አስተባባሪውን ለረጅም ጊዜ ጠልቼዋለሁ። አሁን ሳስበው ሰውዬው ሰዎቹን ከስድብ እየጠበቅሁ ነው ብሎ ራሱን ያሳመነ ይመስለኛል። ግን የተሰደበ ሰው መሰደቡን ካላወቀ እንዴት ብሎ እምቢ ይላል? እናንተ ቋንቋውን የምትችሉ ከሆነ፣ ሌላው ቢቀር አጠገባችሁ ላለው ሰው የተባለውን እንደተባለ ንገሩት። እኔ አልተናገርኩም። ሁለተኛው ትልቅ ጥፋቴ ይሄ ነው።

ስምንተኛው ቀን። ሲኑ ባል ሚስቱን በጥፊ የሚመታበት ነው። ባሌን የሚጫወተው የውጭ ተዋናይ ነው፤ ጨዋ ሰው። ጠዋት አብረን ተለማምደናል። ለማታውቁት፣ የፊልም ጥፊ አይነካም። ካሜራው ከጀርባ ይቆማል፣ እጁ ፊት ለፊቴ በአየር ያልፋል፣ እኔ አንገቴን እጥላለሁ፣ ድምፁ በኋላ ኤዲቲንግ ላይ ይገባል። መድረክ ላይም ስንት ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ሦስት ቴክ፣ ሦስት ጊዜ ቀረጻ ማለት ነው፣ እንደዚያ ወጣ። ከዚያ ዳይሬክተሩ ልጁን ጠርቶ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር አለው። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ዳይሬክተሩ ደገመለት።

አራተኛው ቴክ ላይ እጁ አረፈ። ከልቡ።

መጀመሪያ የመሰለኝ ስህተት ነው። ዓይኖቼ እንባ አቀረሩ፣ ግን "ካት" አልተባለም፤ ቀጠልኩ። ሠልጥነን የለ፣ ካት እስኪባል አይቆምም። አምስተኛው ላይ ደገመኝ። ስድስተኛው። በየመሃሉ ልጁ ቀስ ብሎ "ይቅርታ፣ ይቅርታ" ይለኛል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። አስተባባሪውን ፈልጌ አየሁት። ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ዘጠኝ ቴክ፤ ስድስቱ እውነተኛ ጥፊ። ግራ ጆሮዬ ይጮህ ጀመር። በመጨረሻ "ካት" አለና፣ ዳይሬክተሩ ለረዳቱ፣ እኔ እየሰማሁ፣ "በስንት መከራ! እነዚህ ካልተመቱ አይገባቸውም" አለው።

ጀነሬተሩ ከተጫነበት መኪና ጀርባ ሄጄ ተቀመጥኩ። ከአጃቢዎቹ አንዷ፣ እማማ የምንላቸው የሱሉልታ ሴት፣ ተከትለውኝ መጡ። ከብት አላቸው፤ ጠዋት ወተታቸውን አስረክበው ነው ወደ ቀረጻ የሚመጡት። አጠገቤ ቁጢጥ አሉና በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉት። ቀለሙ ነጠላው ላይ ወጣ። ቀለሙን አዩት፣ ፊቴን አዩት፣ ከዚያ ኦሮምኛ ኦሮምኛ በሚል አማርኛቸው "ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ይከፍልሻል ነው ወይስ ገዝቶሻል?" አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ይከፍለኛል እንዳልል፣ እስከዚያ ቀን ከቅድሚያ ክፍያው ሌላ ሳንቲም አልደረሰኝም።

ትንሽ ቆይቶ የድምፁ ልጅ ደረቴ ላይ ያለውን ማይክ ሊፈታ መጣ። ሽቦውን እየጠቀለለ፣ ሳያየኝ፣ "እህቴ፣ ድምፁ በሙሉ ተቀድቷል። ከካት በኋላ ያለውም" አለኝና ሄደ። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ፊልም ሥራ ማለት ሁሉ ነገር የሚመዘገብበት ሥራ ነው። የኮንቲኒዩቲዋ፣ የቀረጻውን ዝርዝር የምትመዘግበው፣ ልጅ ደብተር ላይ የትኛው ቴክ ስንት ሰዓት ላይ እንደተቀረጸ፣ ምን እንደተለወጠ ተጽፏል። በየማታው በቴሌግራም የሚላከው ኮል ሺት፣ የነገው ቀረጻ መጥሪያ፣ ላይ ስንት ሰዓት እንደተጠራሁ አለ። ድምፁ አለ። ምስሉ አለ። ምንም ማስረጃ የለኝም ብዬ ሳለቅስ፣ አገሩ ሁሉ ማስረጃ ነበር።

ያን ማታ ቤቴ ገብቼ የእህቴን ልጅ ደብተር ገነጠልኩና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለውን ጻፍኩ። ቀን፣ ሰዓት፣ ማን፣ ምን አለ፣ ማን ሰማ። የተባለውን በተባለበት ቋንቋ፤ እኔ ያለሰለስኩት እንዳይሆን። ኮል ሺቶቹን በሙሉ ስክሪንሾት አድርጌ ወደ ኢሜይሌ ላክሁ፤ ቴሌግራም ላይ ላኪው ሊያጠፋው ይችላልና። እናንተ እስከ ስምንተኛው ቀን አትጠብቁ። እኔ ወደ ኋላ ሄጄ ስጽፍ የሁለት ቀን ነገር ጭራሽ ተምታቶብኝ ነበር።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬ ላይ ሳነብ አደርኩ። ጆን ቦዬጋ የሚባለውን እንግሊዛዊ ተዋናይ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ2020 እ.ኤ.አ. ለንደን ሃይድ ፓርክ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሲናገር፣ ከዚህ በኋላ ሥራ ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም ብሎ ነበር። በዚያው ዓመት፣ በታላቅ ፊልም ላይ ጥቁሩን ገጸ ባህሪ ለማስታወቂያ ከፊት አቁመው በኋላ ወደ ዳር እንደገፉት በግልጽ ተናገረ። እንዲሁም አሜሪካዊቷ ተዋናይ ሃቲ ማክዳንኤል። በ1940 እ.ኤ.አ. ኦስካር ስትሸለም የመጀመሪያዋ ጥቁር ናት፤ ግን በዚያ ምሽት ከፊልሙ ባልደረቦቿ ጋር አልተቀመጠችም፣ ግድግዳ ጥግ ለብቻ ጠረጴዛ ነበር የተሰጣት። ይሄን ሳነብ ሁለቱ ድንኳኖች ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። አልተጽናናሁም፤ ግን "ምናልባት አጋንኜ ይሆን?" የሚለው ሐሳብ ለቀቀኝ።

ጠዋት ቀረጻ አልሄድኩም። ክሊኒክ ሄድኩ። ዶክተሩ "ምን ሆነሽ ነው?" ሲለኝ አፌ ላይ የመጣው "ወድቄ" ነበር። እመኑኝ፣ ልለው ምንም አልቀረኝም። ከዚያ "ሥራ ቦታ ተመትቼ ነው" አልኩት። ጻፈው። ቀኑን፣ ጆሮዬን፣ ጉንጬ ላይ ያለውን እብጠት፣ እኔ ያልኩትን ምክንያት ጨምሮ። የጆሮ ታምቡሬ ደህና ነበር፤ ጩኸቱ ሳምንት ቆይቶ ተወኝ። ያቺ ወረቀት ግን በኋላ ከሁሉም በላይ ሠራችልኝ። ብትመቱ፣ ባያምም እንኳ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ።

ፌስቡክ ላይ ልጽፍ ስል ያስቆመችኝ ጓደኛዬ ናት፤ ያቺው "ፈረንጅ ይወደናል" ያለችው። "መጀመሪያ ወረቀት፣ ከዚያ አፍ" አለችኝ። ስለዚህ ደብዳቤ ጻፍኩ። ለዳይሬክተሩ አልጻፍኩም፤ ለፕሮዲዩሰሯ ነው። የበላይ እንዳለው ያወቅሁት ኮል ሺቱ ላይ ስሟ ከላይ ስለነበረ ነው። ሰባት መስመር ትሆናለች። ስድብም ልመናም የለባትም። የሆነው ይህ ነው፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቴክ። ከዚህ በኋላ ማንም አይነካኝም፣ በስሜ እጠራለሁ፣ ሜካፔን የኛዋ ልጅ ትሠራዋለች፣ ምግቡ ለሁሉም እኩል ይሁን፣ ጾመኛም ይጠየቅ፣ የውሌ ኮፒ ዛሬ ይሰጠኝ። እስከዚያ ቤቴ ነኝ።

ለሦስት ሰዓት ስልኬ ዝም አለ። ከዚያ የደወለው አስተባባሪው ነው። ማር በአፉ። "የኔ እህት፣ ምን ሆነሻል? አርት ነው'ኮ!" አልቀበል ስለው ድምፁ ተቀየረ። "እነዚህ ሰዎች ነገ ጠቅልለው ኬንያ ይሄዳሉ። የ60 ሰው እንጀራ ልትዘጊ ነው፤ እማማን ጨምሮ። አስበሽዋል?" አላሰብኩትም ነበር። ይሄ ከጥፊው የባሰ አመመኝ። የፈረንጁን ስድብ በአንድ ጆሮ ሰምቶ በሌላው ማፍሰስ ይቻላል። የራስ ሰው እንጀራ ሲቆጥርብህ ግን ሌሊቱን በሙሉ አብሮህ ያድራል። ይህ ንግግር ለእናንተም ይመጣል፤ ጠብቁት። እኔ የመለስኩለት "ስለ እማማ ካሰብክ መንጋ መባላቸውን ንገራቸው" ብዬ ነው። ዘጋው።

በማግስቱ ፕሮዲዩሰሯ ራሷ መኪና ይዛ መጣች። ዳይሬክተሩም ነበር። ከማንኛውም ተዋናይ ጋር የምሠራው እንዲህ ነው፣ እውነተኛ ስሜት ነው የምፈልገው አለ። "ባሌን የሚጫወተውን ስንት ቴክ አስመታኸው?" አልኩት። ዝም አለ። ሴትዮዋ ወደ መስኮት ዞረች። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እስከ ዛሬም። ጥያቄዎቼ ግን ከአንዱ በስተቀር ተሟሉ። ቀሪዎቹን ቀናት ማንም አልነካኝም፤ ማንም አላናገረኝምም። የጾም ሽሮ መጣ። ድንኳኖቹ ግን እስከ መጨረሻው ሁለት ነበሩ።

እንግዲህ ገንዘቡ። የተዋዋልነው በ60,000 ብር ነው፤ በቀን 5,000 ማለት ነው። የቀረው ክፍያ ሲጓተት ጠበቃ ጋ ሄድኩ። አቅም ለሌላት ሴት እንደ ኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያሉ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ አሉ፤ "ጠበቃ መቅጠር አልችልም" ብላችሁ አትቅሩ። ጠበቃዋ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ሰዓት የሚወስንልሽ ማን ነበር?" ብላ ነው። ወረቀቱ ላይ "የአገልግሎት ውል" ይላል። እሷ ግን ርዕሱን ዘለለችው። ስንት ሰዓት መጥተሽ፣ የት ቆመሽ፣ መቼ እንደምትበዪ የሚያዝሽ ሌላ ሰው ከሆነ ሠራተኛ ነሽ ብለን እንከራከራለን አለች።

ከዚያ ሒሳቡን አሠራችኝ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው፣ መደበኛ ሥራ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው ይላል። ትርፍ ሰዓት ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ በአንድ ተኩል ይባዛል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እስከ ንጋት በአንድ ከሦስት አራተኛ። በሳምንቱ የዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በበዓል ሁለት ተኩል። ኮል ሺቶቼን ስንደምር 41 ትርፍ ሰዓት ወጣ፤ ስድስቱ ከምሽቱ 4 በኋላ። የሰዓት ደሞዜ 625 ብር ነው። ተባዝቶ ተደምሮ 39,375 ብር። እኔ ጭራሽ የሌለ የመሰለኝ ገንዘብ። መጨረሻ ላይ በስምምነት ከቀሪ ክፍያዬ በላይ 30,000 ከፈሉኝ።

ሁለት ቀነ ገደብ ልብ በሉ፤ እኔ አንዱን ሳላውቅ አሳልፌዋለሁ። አሠሪ ክብራችሁን የሚነካ ድርጊት ከፈጸመ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ትችላላችሁ፤ ይህ መብት ግን በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተጠቀማችሁበት ይቀራል። ያልተከፈለ ደሞዝና ትርፍ ሰዓት ደግሞ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። እኔ አምስተኛው ወር ላይ ነው የደረስኩት። ከዚያ በፊት ያለውን ጊዜ በምን እንዳጠፋሁት ታውቃላችሁ? ሱሉልታ ኦሮሚያ ነው፣ የነሱ ቢሮ ቦሌ ነው፣ የት ነው የምከሰው እያልኩ ከራሴ ጋር በመሟገት። አንድ ስልክ ደውሎ ጠበቃ መጠየቅ ይበቃ ነበር።

ፊልሙ ወጥቷል። እናቴ "አብረን እንየው" ብላ ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች፤ ሰበብ እየፈለግሁ አሳልፌያለሁ። ፊልሙ ላይ የተጠቀሙት ስድስተኛውን ቴክ ነው፤ ለብቻዬ ሳየው አንገቴ ከሚወድቅበት አኳኋን ለየሁት። አንድ የሙያ ጓደኛዬ ደውሎ "ያቺን ጥፊ እንዴት አድርገሽ ነው የሠራሻት? ትወና ማለት እሷ ናት!" አለኝ። አመሰገንኩት። ይሉኝታው ገና ጨርሶ አልለቀቀኝም።

ከእማማ ጋር እንደዋወላለን። ጥጃ ስትወለድ ይደውላሉ። "መንጋ" የተባለውን በኋላ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና "የኔ መንጋ እንኳ ምሳውን በሰዓቱ ይበላል" ብለው ሳቁ።

በቅርቡ ለገጣፎ አካባቢ ሌላ ሥራ አግኝቼ ነበር፤ ይሄም ከውጭ የመጣ ቡድን ነው። ውሉ መጣ፣ በእንግሊዝኛ። "በአማርኛ ጽፋችሁ አምጡልኝ፣ አንብቤ እፈርማለሁ" አልኩ። አስተባባሪው፣ ሌላ ልጅ ነው፣ ሰዓቱን እያሳየ አጉረመረመ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ብርቱካን ላጥኩ። ሁለት ሰዓት ፈጀ። መጣ።

ቦርሳዬ ውስጥ አሁን የማይጠፉ ነገሮች አሉ፤ ደብተርና እስክሪቢቶ፣ የውሌ ኮፒ፣ ለራሴ ፊት የሚሆን ፋውንዴሽን፣ ለጾም ቀን ዳቦ ቆሎ። ወደ ሱሉልታ የምትሄዱ ከሆነ ወፍራም ጃኬትም ጨምሩበት።